ገበዙ፣ ብራናውና ዲስኩ፦ አንድ ጠንካራ ሣጥን ለምን አይበቃም?

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ያለው ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። «ለቤት ኔትወርክ ስቶሬጅ ልንገዛ አስበናል፤ አንተ ኢንጂነር ነህ፣ የትኛው ይሻላል?» አለኝ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ የእሱ ነው፤ የሰርግና የክርስትና ፎቶ ያዘጋጅበታል። ሁለተኛው የእህታችን ነው፤ መምህርት ስለሆነች የፈተናውም የውጤቱም ፋይል እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው እኔ ትቼው የመጣሁት አሮጌ ላፕቶፕ ሲሆን፣ እሱ ውስጥ የአያታችን ድምፅ አለ።

አያታችን ገበዝ ማርያም አካባቢ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመት ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት የሚጠብቅ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ ካህን ነው። ከማረፋቸው በፊት አሥራ አንድ ሰዓት የሚሆን ጨዋታቸውን በስልኬ ቀድቼ ነበር፤ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ቆሎ ተማሪነታቸው፣ ስለ ድሮው ገበያ። ስልኩ በኋላ ጠፋ። ድምፁ የቀረው አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ወንድሜ ታዲያ በጨዋታ መሐል «ይሄ ላፕቶፕህ ደግሞ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል» ሲለኝ ደነገጥኩ። ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው እየተጠጋ ነው።

«ሌላውን ተወውና መጀመሪያ የአባባን ድምፅ ወደ ፍላሽ ገልብጠው» አልኩት። ፋይሉ 1 ጊጋባይት እንኳ ስለማይሞላ በደቂቃዎች አለቀ። የወንድሜ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፦ የትኛው ሣጥን ይገዛ? ለመመለስ ስቀመጥ ነገሩ ከኮምፒውተር በጣም የሚቀድም ሆኖ አገኘሁት። አገራችን ይህን ጥያቄ ከሺህ ዓመት በላይ ስትመልስ ኖራለች፤ አንዳንዴ በትክክል፣ አንዳንዴ ከባድ ዋጋ ከፍላ።

የሄኖክ ቅጂዎች

ከፍኖተ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ምዕራብ ጎጃም ሰከላ ውስጥ፣ ግሽ ዓባይ ይገኛል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 እዚህ ምንጭ ድረስ መጥቶ ነበር። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በምንጩ ምክንያት ነው። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመን ግን ወደ አውሮፓ ሲመለስ ይዞት የሄደው ዕቃ ነው፦ መጽሐፈ ሄኖክ፣ ያውም በሦስት ቅጂ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ኦክስፎርድ ለሚገኘው ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሦስተኛውን ራሱ ዘንድ አስቀረ።

አውሮፓ ለምን ይህን ያህል ተደነቀች? መጽሐፈ ሄኖክ መጀመሪያ በአራማይክ የተጻፈ ነው፤ ከዚያ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ደግሞ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። በሌላው ዓለም ሙሉው መጽሐፍ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቅጂዎች እንኳ ቁርጥራጮች ናቸው። ሙሉው ዛሬ ያለው በግዕዝ ብቻ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ ነው።

«ብራና ጠንካራ ስለሆነ ነው የቆየው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። እውነትም ብራና ይቆያል። የዓድዋው አባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች በሳይንሳዊ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ታውቋል። ነገር ግን ብራና ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል፣ አይጥ ይበላዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ነደዋል። ሄኖክን ያዳነው የቆዳው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ቁም ጸሐፊዎች ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲገለብጡ መኖራቸው፣ ቅጂዎቹም በተለያየ አጥቢያና ገዳም ተበትነው መቀመጣቸው ነው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ የመቃጠል ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እናስብ (ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ የተለካ ቁጥር አይደለም)። አንድ መጽሐፍ በአሥር ቅጂ ተጽፎ በአሥር የተራራቁ አብያተ ክርስቲያናት ቢቀመጥ፣ አሥሩም የሚጠፉበት ዕድል ግማሽ በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ 1 ከ1,024 ይሆናል። አሥሩንም ቅጂ አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ብንከምራቸውስ? ዕድሉ ተመልሶ ግማሽ ነው። የቅጂው ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

መቅደላ፦ ሁሉን አንድ ቦታ

ይህን ስሌት ታሪክ ራሱ በመቅደላ አሳይቶናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎችም ቦታዎች አብያተ ክርስቲያናት ብዙ የብራና መጻሕፍት አሰብስበው መቅደላ አምባ ላይ አከማቹ። ሐሳባቸው እዚያ ላለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ስብስብ ማቋቋም ነበር። አምባው በተፈጥሮ ምሽግ ነው፤ ዙሪያው ገደል ነው። በዚያ ዘመን «ከዚህ የተሻለ አስተማማኝ ቦታ የት አለ?» ቢባል መልስ አይገኝም ነበር።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፤ ክምችቱም ተዘረፈ። ከተወሰዱት መጻሕፍት 350 ያህሉ ያኔ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። በየአጥቢያው ተበትነው ቢሆን ኖሮ አንድ ጦር በአንድ ቀን ሊሰበስባቸው አይችልም ነበር።

ከዚህ አሳዛኝ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ርዕስ የሚሆን አንድ ክስተት አለ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጣ ክብረ ነገሥት ሁለት ነበረው፤ አንዱን ላከ፣ አንዱን አስቀረ። ሁለት ቅጂ ባይኖር ኖሮ መልሱ ምን ይሆን እንደነበር መገመት ይቻላል።

ከብራና ወደ ፊልም

አሁን መቶ ዓመት ወደ ፊት እንዝለል። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳምና ዩኒቨርሲቲ አለ። መነኮሳቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ የሆነውን አይተዋል፤ ቀጥሎ የኑክሌር ጦርነት ቢመጣ ደግሞ የጥንት ገዳማት መጻሕፍት ፈጽመው ይጠፋሉ ብለው ፈሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1965 ከኦስትሪያ ጀምረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። ማይክሮፊልም ገጹን አሳንሶ የሚይዝ የፎቶ ፊልም ነው፤ በአግባቡ ከተቀመጠ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል፣ ለማንበብም ብርሃንና ማጉያ ብቻ ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ይኸው ሥራ ኢትዮጵያ ደረሰ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍትን መሠረቱ። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ 9 ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ዋናው ብራና ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አንድ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ሌላ ቅጂ ውቅያኖስ ተሻግሮ ኮሌጅቪል ይቀመጣል።

ይህ ቅጂ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ሰው ሕይወት ታየ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው መጥተው በጥይት አቆሰሏቸው፤ ከዚያ በኋላ እግሮቻቸው አልታዘዙላቸውም። ለሕክምና ከአገር ወጡ፤ በመጨረሻም ኮሌጅቪል ገቡ። እዚያ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሊመለሱበት ያልቻሉትን አገር መጻሕፍት ከፊልሙ እያነበቡ ካታሎግ አዘጋጁ። የማይክሮፊልሞቹ ካታሎግ ዊልያም ማኮምበር ከሚባሉ ምሁር ጋር በሠሩት ሥራ አሥር ቅጽ ደረሰ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ታዋቂውን የማክአርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ከግዕዝ ጋር ኖሩ። ተመልከቱ፦ ባለሙያው ከመጻሕፍቱ ተለይቶ ነበር፤ ቅጂው ስለነበረ ግን ሥራው አልቆመም። ባክአፕ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ በክፉ ቀን አውጥቶ ለመሥራት።

ዲስኩና ኬብሉ

የማይክሮፊልሙ ሥራ ኢትዮጵያ በጀመረበት በዚያው በ1973፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮበርት ሜትካፍ የሚባል መሐንዲስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ኬብል የሚያገናኝ ዘዴ በወረቀት ላይ አሰፈረ፤ ስሙንም ኤተርኔት አለው። ዛሬ ከራውተራችሁ ጀርባ የሚሰካው ኬብል የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

ሃርድ ዲስክ ከዚያ ይቀድማል። አይቢኤም በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ባለ ዲስክ ኮምፒውተር፣ ራማክ፣ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ዲስኩ ከአንድ ቶን በላይ እየመዘነ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገባበትም።

በ1980ዎቹ ለግል ኮምፒውተር የሚሆኑ ትንንሽ ርካሽ ዲስኮች መጡ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ሐሳብ አመጡ፦ በአንድ ውድና ግዙፍ ዲስክ ፋንታ ብዙ ርካሾችን አብረን ብናሠራስ? ሒሳቡ ግን አስደነገጠ። አንድ ዲስክ በአማካይ 30,000 ሰዓት ሠርቶ የሚበላሽ ከሆነ፣ ከመቶ ዲስኮች አንዱ የሚበላሸው በአማካይ በየ300 ሰዓቱ ነው፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ መረጃውን በተደራራቢ መንገድ የማስቀመጥ ዘዴዎችን ዘረዘሩ፤ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌሎቹ እንዲተኩት። ይህ ነው ሬይድ የሚባለው። ቀላሉ ዓይነት መስታወት ነው፦ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ይይዛሉ።

ኬብሉና ዲስኮቹ ሲጋቡ ኔትወርክ ስቶሬጅ ተወለደ። ሰን የተባለው ኩባንያ በ1984 በኔትወርክ ፋይል የመጋራት ዘዴውን ይፋ አደረገ፤ በ1990ዎቹ ለመሥሪያ ቤቶች፣ በ2000ዎቹ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የሚሆኑ ሣጥኖች ተስፋፉ። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ናስ» ይሉታል፤ ከብረቱ ናስ ጋር ግን ዝምድና የለውም። የጫማ ካርቶን የሚያክል፣ ሁለት ወይም አራት ዲስክ የሚጎርስ፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል የሚገናኝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ሌሊት ሌሊት ፋይላቸውን እሱ ላይ ይገለብጣሉ።

ታዲያ ወንድሜ ምን ይግዛ?

አሁን ወደ ፍኖተ ሰላም እንመለስ። ወንድሜ ሁለት ዲስክ የሚይዝ ሣጥን አይቶ «ሁለት ዲስክ ካለው ሁለት ቅጂ አለን ማለት ነው፤ ጨረስን» ብሎኝ ነበር። አልጨረስንም። መስታወት የሚያድናችሁ ከአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዲስክ መበላሸት። ፋይል በስህተት ብታጠፉ ከሁለቱም ላይ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ይቆልፋል። መብረቅ ቢመታ፣ መብራት ሄዶ በኃይል ቢመለስ፣ ሌባ ሣጥኑን ብብቱ ሥር ይዞ ቢወጣ ሁለቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ሣጥኑ መቅደላ ነው፦ ጠንካራ፣ የተሟላ፣ አንድ ቦታ።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ በ2000ዎቹ ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ደንብ ሰጥቷል፤ 3-2-1 ይባላል። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። አሁን ማይክሮፊልሙን አስታውሱ፦ ብራናው በቤተ ክርስቲያኑ፣ ፊልሙ አዲስ አበባ፣ ሌላው ፊልም ኮሌጅቪል። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከአገር ውጭ። ደንቡ ስም ሳይወጣለት ከ30 ዓመት በፊት እኛ አገር ተሠርቶበታል።

ከቤት የሚወጣውን ቅጂ እንዴት እናድርገው? «ኢንተርኔት ላይ ጫነዋ» ይባል ይሆናል። እንቁጠረው። የመጫኛ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ 500 ጊጋባይት ለመጫን አራት ቀን ተኩል ያህል ያለማቋረጥ ይፈጃል፤ መብራቱም ኔትወርኩም ካልተቋረጠ ማለት ነው። 2 ቴራባይት የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ግን በቦርሳ ተይዞ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ ይሄዳል። ከነመጠበቁ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ እንኳ በሰከንድ 277 ሜጋባይት ማለት ነው፤ ከኢንተርኔቱ ከ200 ጊዜ በላይ ይፈጥናል። ቡሬ ደግሞ አክስታችን አሉ።

እናም ለወንድሜ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት።

የቤታችን ፋይል በሙሉ 1.2 ቴራባይት ነው፤ ፎቶው እየጨመረ ስለሚሄድ ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስክ በመስታወት ይበቃናል። ሣጥኑ የትናንቱንና የዛሬ ሳምንቱን መልክ የሚያስቀር አሠራር ይኑረው፤ ስናፕሾት ይሉታል፤ በስህተት የጠፋን ፋይል የሚመልሰው እሱ ነው። ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይገናኝ። በጊጋቢት ኬብል 500 ጊጋባይት በሰዓት ከሩብ ገደማ ያልፋል፤ የራውተሩ መሰኪያ የድሮው ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ ግን ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ራውተሩን እይ። ዩፒኤስ አትርሳ፤ ዲስክ እየጻፈ መብራት ሲሄድበት አይወድም። ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ጨምር፤ አንዱ ሁልጊዜ ቡሬ ይሁን፣ በየወሩ ይቀያየሩ። ቢጠፋ ማንም እንዳይከፍተው በይለፍ ቃል ቆልፈው፤ ቃሉን ደግሞ እህታችንም ትወቀው።

መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩበት፦ ገንዘቡ ካልበቃ ሣጥኑን ተወው። ሁለት ተራ ዲስኮች በሁለት ቤት፣ ቤት ውስጥ ብቻውን ከሚቀመጥ ውድ ሣጥን ይሻላሉ።

ገንዘቡ አልበቃም። በዚህ ዓመት የተገዙት ሁለቱ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ናቸው፤ ሣጥኑ ለከርሞ ተላለፈ። አንዱ ዲስክ ፍኖተ ሰላም መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሌላው ቡሬ አክስታችን ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላቸው ጋር ተጠቅልሎ። አሮጌው ላፕቶፕ በሁለተኛው ወር መከፈት አቆመ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ያልተከፈተ ቅጂ መኖሩ አይታወቅም፤ ፋይሉ ስሙ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድሜ ቡሬ በሄደ ጊዜ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ከአሥራ አንዱ ሰዓት መሐል አንዱን ቦታ እንዲከፍት ነገርኩት። ስልኩን አጠገቡ አደረገው። አባባ ስለ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ እያወሩ ነበር። አክስታችን ከጓዳ «እንዴ፣ አባቴ ናቸው!» ብለው ሲወጡ ሰማሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ካላችሁ ፋይል ሁሉ እንዳይጠፋ የምትፈልጉትን አንዱን ምረጡ። ስንት ቦታ እንዳለ ቁጠሩ። ከዚያ ቅጂውን ክፈቱት።